ከቃሬዛ እስከ አምቡላንስ፦ በደባርቅና በዳባት የጉዳት ሕክምናን ለብቃት ምዘና ስለማጥናት

ለድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሽያን የብቃት ምዘና የሚዘጋጁ ወጣቶች ከሚለማመዱባቸው ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለውን ይመስላል። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ጎልማሳ በመኪና አደጋ ተጎድቷል፤ ቆዳው ቀዝቅዟል፤ ትርታው በደቂቃ 125 ነው፤ አምቡላንሱ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ደርሷል፤ በቅድሚያ ምን ይደረግለታል? በጥያቄው ላይ ስሕተት የለም፤ መልሱም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ከአራት ተፈታኞች ጋር ተቀምጬ ስንለማመድ፣ አንዷ እርሳሷን አስቀምጣ “ስምንት ደቂቃ የሚለውን ብሰርዘው መልሱ ይለወጣል ወይ?” ስትል ጠየቀችኝ። በዚያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭርና ጎደሎ ነበር። ይህ ጽሑፍ ጥያቄዋን በተሻለ ሁኔታ ለመመለስ ይሞክራል።

አካባቢውና ምዘናው

ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዳባት በሁለቱ መካከል በመንገዱ ላይ ናት። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ፣ ከደጋው እስከ ዛሪማ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠማዘዛል። በስተ ምሥራቅ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ የተዘረጉት መንደሮች ብዙዎቹ መኪና የማይደርስባቸው ናቸው። ጉዳቱም እንደ መልክዓ ምድሩ ነው፦ ከገደል መውደቅ፣ የበቅሎ ርግጫ፣ የበሬ ውጊያ፣ የዱላና የጥይት ቁስል፣ የአይሱዙና የባጃጅ መገልበጥ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መባቻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የጥይትና የከባድ መሣሪያ ጉዳት የአካባቢው ሕዝብ በየቤቱ የሚያውቀው ነገር ሆነ።

ተጎጂው የሚያልፍበት ሰንሰለት በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። በየወረዳው የተሰማሩት አምቡላንሶች ግን በዋነኛነት የእናቶችን ሞት ለመቀነስ የታሰቡ በመሆናቸው ጊዜያቸውን የሚወስደው ወላድ ማመላለስ ነው። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት አይገባም፤ ቅድሚያው በምክንያት የተሰጠ ነው። ሆኖም የጉዳት ሕክምና የሚጀምረው አምቡላንሱ ከመድረሱ ብዙ ሰዓት በፊት፣ በቃሬዛ ላይ መሆኑን ያስረዳል።

ምዘናው፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው፣ የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። በተግባሩ ክፍል ተመዛኙ በአሻንጉሊት ወይም በሰው ላይ የተጎጂ ፍተሻን በቅደም ተከተል ሲሠራ መዛኙ በዝርዝር ወረቀት ይከታተለዋል። የማስተማሪያ ጽሑፎቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ናቸው፤ አጭር ርቀት፣ ደረቅ አስፋልትና ቅርብ ሆስፒታል ያለበትን ከተማ ታሳቢ ያደርጋሉ። ተማሪው ዝርዝሩን በቃሉ ይይዛል፤ ያልፋልም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ዝርዝሩ በታሰበበት ቦታ አለመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ታሪክ አለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው የጉዳት ሕክምና ቅደም ተከተል፣ ማለትም በቅድሚያ የአየር መንገድ፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ፣ ከዚያም የደም ዝውውር የሚለው ሥርዓት፣ እንደ ወጥ ሥልጠና የተደራጀው በትልቅ ከተማ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ቤተሰቡን ይዞ ሲበር አውሮፕላኑ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት የእርሻ መሬት ላይ ወደቀ። ሚስቱ ሞተች፤ ልጆቹ ክፉኛ ተጎዱ። በገጠሩ ሆስፒታል ያገኙት ሕክምና እርሱ ራሱ ሜዳ ላይ ካደረገላቸው ያነሰ ሆኖ ስላገኘው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ለገጠር ሐኪሞች የሚሆን ሥልጠና አዘጋጀ፤ የመጀመሪያውም ኮርስ በዚያው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1978 ተሰጠ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ በመሠረቱ የገጠር ልጅ ነው። የእኛም አካባቢ ቢሆን ለዚህ ዓይነቱ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም፤ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ማግስት እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጠነው ከሚሠሩበት ገጠር ተነሥቶ ነበር።

የማይታይ ደም

ያቺ ተፈታኝ ጥያቄዋን ያነሣችው ለክርክር ያህል አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት አጎቷ ከሊማሊሞ ሥር ባለ መንደር ከበቅሎ ጋር ወድቀው ጭናቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ቁስል አልነበረባቸውም። ጎረቤት ተሰብስቦ በቃሬዛ አነሣቸው፤ “ደም አልፈሰሳቸውም፤ ይተርፋሉ” ተባለ። መጀመሪያ ይናገሩ ነበር፤ ደጋግመው ውኃ ለመኑ፤ ቀጥሎ ተቁነጠነጡና ጋቢውን ገፈፉ፤ ኋላ “በረደኝ” አሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ተሸካሚዎቹ ዝምታውን እንቅልፍ መስሏቸው ደስ አላቸው። መኪናው መንገድ ሲደርሱ ሕይወታቸው አልፎ ነበር።

የተናገሩትና የሆኑት ሁሉ የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ደም ማነስ ድንጋጤ ከሚዘረዝረው ጋር ይገጥማል። የአንድ ጎልማሳ ደም በኪሎ ግራም 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገመታል። የተዘጋ የጭን አጥንት ስብራት ብቻውን ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ደም ወደ ጭኑ ሥጋ ሊያፈስ ይችላል፤ የዳሌ ስብራት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። አንድ ጠብታ መሬት አይነካም። ስለሆነም “ደም ፈሰሰው ወይ?” ከሚለው ይልቅ “ደሙ የት ሊገባ ይችላል?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አምስት ቦታዎች ይፈተሻሉ፤ ደረት፣ ሆድ፣ ዳሌ፣ ጭንና መሬቱ።

የመማሪያ መጻሕፍቱ የደም ማጣትን በአራት ደረጃ ይከፍላሉ። እስከ 15 ከመቶ፣ ከ15 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 40፣ ከ40 በላይ። ተማሪዎች በብዛት የሚሸመድዱት ግን መቶኛውን ሳይሆን በጎኑ የተጻፈውን የሚሊ ሊትር አኃዝ ነው፤ 750፣ 1,500፣ 2,000። እነዚህ አኃዞች ለ70 ኪሎ ግራም ሰው የተሰሉ ናቸው። ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም የሆነ ገበሬ ግን በሰውነቱ ያለው ደም 3.5 ሊትር ያህል ነው። ለእርሱ 1.5 ሊትር ማጣት 43 ከመቶ ይሆናል፤ ከሁለተኛው ደረጃ ጫፍ በአንድ ጊዜ ወደ አራተኛው ያልፋል ማለት ነው። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ስናወጣው ክፍሉ ጸጥ አለ። መቶኛውን ያጠና ተማሪ ምዘናውንም ሆነ ተጎጂውን ይጠቅማል፤ ሚሊ ሊትሩን ብቻ የሸመደደው ለምዘናው ይበቃዋል።

ሁለተኛው ወጥመድ የደም ግፊት ነው። በብዙ ጎልማሶች የላይኛው ግፊት በግልጽ የሚወርደው የጠፋው ደም ወደ 30 ከመቶና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ሰውነቱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ፣ ልቡን አፍጥኖ ይሸፍናል። “ግፊቱ 110 ነው፤ ደኅና ነው” ማለት ዘግይቶ ማወቅ ነው። ቀድመው የሚናገሩት ፈጣንና ቀጭን ትርታ፣ የቀዘቀዘ እጅ፣ ጥማትና መቁነጥነጥ ናቸው። ያለ ምንም መሣሪያ የሚታዩ ምልክቶች በመሆናቸው ለቃሬዛ ጉዞ ከሁሉ ይበልጥ የሚስማሙት እነርሱ ናቸው።

ታዲያ በዳሌና በጭን ስብራት ምን ይደረጋል? ጭኑ ይታሰራል። ዳሌው ሰፊ በሆነ ጨርቅ፣ ለምሳሌ በታጠፈ ነጠላ፣ ይጠበቃል። ጨርቁ የሚዞረው በወገብ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ የጭን አጥንት ጉብታ በጎን በሚዳሰስበት ከፍታ ነው። በመለማመጃችን ወቅት ከአራቱ ሦስቱ ከፍ አድርገው አሰሩት፤ እንዲህ ሲሆን ዳሌው ይበልጥ ሊከፈት ይችላል። ዳሌውን እየነቀነቁ “ይላወሳል ወይ?” ብሎ መፈተሽም የረጋውን ደም ያናጋል።

የሰዓት ጉዳይ

ከእጅ ወይም ከእግር በኃይል ለሚፈስ ደም ቱርኒኬት አስፈላጊ መሆኑ ዛሬ አያከራክርም፤ ከቅርብ ጊዜ ጦርነቶች የተገኘው ልምድ ከአየር መንገድም አስቀድሞ እንዲፈጸም አድርጎታል። ፋብሪካ የሠራው ከሌለ ሰፊ ጨርቅና ጠንካራ እንጨት ያገለግላሉ፤ ጠፍርና ቀጭን ገመድ ግን ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ እንጂ ደሙን በአግባቡ አያቆሙም። ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመገጣጠሚያ ውጪ ይታሰራል። የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል።

“ሰዓቱ ይጻፋል” የምትለው ይህች ሐረግ በእኛ አገር ከሌላው ዓለም ይልቅ ከባድ ናት። የምንኖረው በሁለት አቆጣጠር ነው። አንድ ቴክኒሽያን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አስሮ “8፡00” ብሎ ጻፈ እንበል። ተጎጂው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ጽሑፉን በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበበ ሐኪም ቱርኒኬቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ለ8 ሰዓታት እንደቆየ ያስባል፤ እግሩ አልቆለታል ብሎ ይደመድማል። እውነቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የታሰረውን ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር “9፡00” ብሎ ቢጽፈውና ተቀባዩ በእኛ አቆጣጠር ቢያነበው፣ በ10 ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ያለፈ ይመስለዋል። በእርግጥ ያለፈው 7 ሰዓት ነው። ከ6 ሰዓት በላይ የቆየን ቱርኒኬት ያለ ዝግጅት መፍታት በሞተው ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመውን ፖታሲየምና አሲድ በአንድ ጊዜ ወደ ልብ መልቀቅ ነው። መፍትሔው አንዲት ቃል መጨመር ናት፤ “ከቀኑ 8 ሰዓት” ወይም “ከጠዋቱ 3 ሰዓት”። ምዘናው ሰዓት መጻፉን ይጠይቃል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ የመዛኙ ፈንታ ሊሆን ይገባ ነበር እላለሁ።

ከሰዓት ጋር የሚያያዘው ሌላው ነገር “ወርቃማው ሰዓት” ነው። አባባሉ የሚነሣው ከባልቲሞሩ ቀዶ ሐኪም ከአር አዳምስ ካውሊ ጋር ነው። ተማሪዎች 60ኛው ደቂቃ ላይ በር የሚዘጋ ይመስላቸዋል። ሆኖም 60 ደቂቃ ለሚለው ቁርጥ ያለ ወሰን ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም፤ የተረጋገጠው መዘግየት እንደሚጎዳ ነው። ልዩነቱ ለእኛ ትልቅ ነው። በሩ በአንድ ሰዓት ከተዘጋ፣ ከበየዳ የሚመጣ ተጎጂ ከመነሻው የተፈረደበት ነው፤ ባለሙያውም እጁን ያጥፋል። አደጋው እያደር የሚጨምር ከሆነ ግን አራተኛውም ሰዓት ሥራ አለው። ቁርጥ ያለ የጊዜ ወሰን ያለው ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ክራሽ-2 የተባለው ጥናት በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ተጎጂዎችን መርምሮ መድኃኒቱ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በተከታዩ ትንተና ግን ጥቅሙ ጉዳቱ ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ መሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ግን በደም መፍሰስ የመሞትን ዕድል ሊጨምር እንደሚችል ተገለጸ። መድኃኒቱን ለመስጠት ቴክኒሽያኑ ፈቃድ ላይኖረው ይችላል፤ ጉዳቱ የደረሰበትን ሰዓት ጠይቆ መጻፍ ግን የእርሱ ፋንታ ነው። ይህ ካልተጻፈ ሐኪሙ በግምት ይሠራል።

ብርድና አየር

ብርድ፣ የደም አሲድ መጨመርና የደም አለመርጋት እርስ በርስ የሚጎተጎቱ ሦስት ገዳዮች ናቸው። የሰውነት ሙቀት ሲወርድ ደምን የሚያረጉት ፕሮቲኖችና ፕሌትሌቶች ይዳከማሉ፤ ደሙ ይቀጥላል፤ ደም ያጣው ሰውነት ሙቀት ማመንጨት ያቅተዋል። መጽሐፉ “ተጎጂውን አልብሱ” ሲል በዝርዝሩ መጨረሻ ያስቀምጠዋል። በደባርቅ የሌሊት ብርድ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። እርጥብ ጋቢ ከምንም አይሻልም፤ ከሥርም መሬት ሙቀት ይስባልና ቃሬዛው ላይ ከላይ የሚደረበውን ያህል ከታች ቢነጠፍ ይመረጣል። ልብስ ቀዶ የፈተሸ ቴክኒሽያን መልሶ ሳይሸፍን ወደሚቀጥለው ነጥብ ቢያልፍ በወረቀቱ ላይ ምልክት አያጣ ይሆናል፤ ተጎጂው ግን ያጣል።

የኦክስጅን ጉዳይ ትንሽ ይጠማዘዛል። የመለማመጃ ጥያቄዎች የኦክስጅን ሙሌት ከ94 ከመቶ በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጥ ይላሉ። አንዳንድ ተማሪዎች “እኛ ደጋ ነን፤ ለእኛ 86ም ደኅና ነው” ይላሉ። የሚገርመው የዚህ ጥያቄ መልስ በከፊል የተገኘው እዚሁ ከስሜን ተራሮች መሆኑ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባለች አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው አማካይ ሙሌቱን 95.3 ከመቶ፣ ሂሞግሎቢኑንም ከዝቅተኛ ቦታ ነዋሪዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። ከአንዲስና ከቲቤት ነዋሪዎች የተለየ አኳኋን ነው። አማካይ ለግለሰብ ፍርድ አይሆንም፤ ይሁንና ከአምባራስ ዝቅ ብላ በምትገኘው በደባርቅ፣ ደረቱ የተመታን ሰው የ86 ንባብ በከፍታ ማሳበብ አይቻልም። በሌላ በኩል የጣት መሣሪያው በቀዘቀዘና ደም ባነሰው ጣት ላይ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል ወይም ጭራሽ አያነብም። ስለዚህ ቁጥሩን ከማመን በፊት ጣቱን ማሞቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረቱን ገልጦ ሁለቱም ጎኖች እኩል መነሣታቸውን ማየት ያሻል።

ጭንቅላቱ ለተመታ ሰው የሚያገለግለው፣ ቲስዴልና ጄኔት እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት የግላስጎው መለኪያ ለዓይን 4፣ ለንግግር 5፣ ለእንቅስቃሴ 6 ነጥብ ይሰጣል። የንግግሩ ሙሉ ነጥብ የሚገኘው ተጎጂው ራሱን፣ ቦታውንና ጊዜውን ሲያውቅ ነው። አንድ ሽማግሌ “ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?” ተብለው “ሚካኤል ነው” ቢሉና ቀኑ 12 ቢሆን ሙሉ 5 ይገባቸዋል። እንግሊዝኛውን በቃል የያዘ ተለማማጅ ግን “ጥያቄውን በቀጥታ አልመለሱም” ብሎ 4 ሲሰጥ አይቻለሁ።

ወጌሻውና ተሸካሚዎቹ

ስለ ወጌሻ የመማሪያ መጻሕፍቱ ዝም ይላሉ፤ ተጎጂው ግን ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ከተመዘገቡ የእጅና የእግር መቆረጥ ምክንያቶች አንዱ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ተጠብቆ የታሰረ ስብራት፣ በተለይም የሕፃናት ክንድ፣ ደም አጥቶ መበስበሱ ነው። ወጌሻውን በማውገዝ የሚገኝ ነገር የለም፤ ሰው ወደ እርሱ የሚሄደው ቅርብ፣ ርካሽና የሚታመን ስለሆነ ነው። ለምዘና የሚጠናው “ከማሰር በፊትና በኋላ ትርታ፣ ስሜትና እንቅስቃሴ ይፈተሽ” የሚለው መመሪያ ግን በቀጥታ ወደ ወጌሻው ቋንቋ ይተረጎማል። ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከነጣ፣ ከደነዘዘ፣ ጣቱ ሲቃና ሕመሙ ከስብራቱ ሕመም በላይ ከበረታ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ። ይህን ከወጌሻው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የቴክኒሽያኑ ሥራ አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ በመመዘኛው ላይ ባይኖርም።

ተሸካሚዎቹም እንዲሁ። አንድ ቃሬዛ የሚያነሡ ሰዎች እየተቀያየሩ ሰዓታት ይጓዛሉ፤ ቴክኒሽያኑ ደግሞ አንድ ነው። ቁስል የሚጫን፣ ተጎጂውን የሚያናግር፣ ትርታ የሚቆጥርና ሰዓት የሚያስታውስ ሰው ከመካከላቸው መመደብ ይቻላል። “ዝም ካለ ንገሩኝ” የምትል አንዲት ትእዛዝ ለእነዚያ አጎት ጉዞ ትበቃ እንደነበር አላውቅም፤ ዝምታውን እንቅልፍ ከማለት ግን ታድን ነበር። የጀርባ አጥንት ጉዳት ለተጠረጠረበት የሚያገለግለው ጠንካራ ሰሌዳም ቢሆን ለማንሣትና ለማውጣት እንጂ ለረጅም ጉዞ የታሰበ አይደለም፤ ለሰዓታት ሲተኙበት ቆዳን ያቆስላል፤ መተንፈስንም ያውካል። በጨርቅ የተነጠፈ ቃሬዛ፣ ራስና አንገት በጎንና በጎን ከተደገፉበት፣ ለዚህ ጉዞ ይሻላል።

እንግዲህ “ስምንት ደቂቃ” ሲሰረዝ የመጀመሪያው ተግባር አይለወጥም፤ የሚፈሰው ደም ይቁም፣ የአየር መንገድ ይከፈት። የሚለወጠው ተከታዩ ነው። በመጽሐፉ ጥያቄው እዚያ ላይ ያልቃል፤ በሊማሊሞ ግን በየ15 ደቂቃው ፍተሻው ከመጀመሪያው ይደገማል፣ ማሰሪያው ይታያል፣ ልብሱ ይደረባል፣ ሁሉም በሰዓቱ ይጻፋል። ፈሳሽ ካለ የጭንቅላት ጉዳት በሌለበት ተጎጂ ላይ የእጅ አንጓ ትርታ እስኪዳሰስ ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ መጨመር ደሙን ያቀጥናል፣ የረጋውንም ይገፋል።

ለተመራማሪ ባልንጀሮቼ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ስለ ጉዳት የምናነባቸው አብዛኞቹ ጥናቶች በሆስፒታል መዝገብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ መዝገቡ የሚያውቀው በሕይወት የደረሰውን ነው። ያቺ ተፈታኝ የነገረችኝ ዓይነት ሞት በየትኛውም የድንገተኛ ክፍል መዝገብ አይገኝም። በአንጻሩ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሚያካሂደው የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል በየቤቱ የደረሰውን ሞት እየመዘገበ ምክንያቱን ከቤተሰብ በቃለ መጠይቅ ያጣራል። በዚያ ቃለ መጠይቅ ላይ ጉዳቱ የደረሰበትና ሞቱ የደረሰበት ሰዓት፣ ተጎጂው ያን ጊዜ በቤት፣ በቃሬዛ ላይ ወይም በመኪና ውስጥ መሆኑ፣ እንዲሁም ውኃ መለመኑና መቁነጥነጡ ቢጠየቅ፣ የትኛው ሞት በቱርኒኬትና በነጠላ ሊዘገይ ይችል እንደነበር መቁጠር ይቻላል። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የማዘጋጀው ንድፈ ሐሳብም ይኸው ነው፤ መጠይቁን በአሁኑ ወቅት ከሁለት የአካባቢው ወጌሾችና ከአራቱ ተፈታኞች ጋር እያረምን እንገኛለን።